እማማ ዘይነባ የተኙበት የፓፑዋ ትራስ

ባለፈው ወር አንድ ጨረታ ቤት ገብቼ፣ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የእንጨት ትራስ አነሳሁና አሸተትኩት። ሌሎቹ ነጋዴዎች ዕቃ የሚያዩት በእጅ ባትሪ ነው፤ እኔ አሸታለሁ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ትንሽ ፈቀቅ አለልኝ፤ ቦታ ስለሚለቁልኝ ይመቸኛል። ወረቀቱ ላይ «ሜላኔዥያ፣ የቆየ» ይላል። እንጨቱ ግን የከረመ የፀጉር ቅቤ ይሸታል፤ እግሩ ላይ የተቀረጸው መስመርም በእናቴ አገር በጅማ የሚሠራ ዓይነት ነው። ሊቃውንቱ የኛን ትራስ አንሥተው የዓለም ሌላ ጫፍ ያሉ ደሴቶች ላይ ጥለውታል። ነጋዴ ነኝ፤ ምንም ሳልናገር ገዛሁት።

ባስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ስመለስ፣ እኔ ራሴ ይህንኑ ስሕተት ገልብጬ የሠራሁበት ክረምት ትዝ አለኝ። እዚህ ለንደን ሰመር ይሉታል፤ ዝናቡ ግን ያው ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሂትሮው አየር ማረፊያ አውሮፕላን ታጸዳ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚይዘኝ ሰው ጠፋና ለአጎቷ ለጋሽ ሙሳ ተሰጠሁ። ጋሽ ሙሳ ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ካለ የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አዲስ አበባ እያሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነበሩ፤ ሥራቸው ሰው የጣለውን ዕቃ ሌላ ሰው እንዲናፍቀው ማድረግ ነበር። ለንደንም መጥተው ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ አንዲት ታጣፊ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ።

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችና የሜላኔዥያ ዕቃ ውስጥ የገቡት ተወርውሮ በሚመለስ ቆልማማ እንጨት፣ በቡመራንግ ነው። የተሰበረ የልብስ መስቀያ መስሏቸው ከአንድ ካርቶን ልብስ ጋር ገዙት። ጠረጴዛቸው ላይ ገና ሳይቀመጥ ሁለት ሰዎች ሊጣሉበት ሲደርሱ «አሃ» አሉና ከዚያ ወዲህ እንጨት እንጂ ልብስ አልገዙም።

አንድም መጽሐፍ አላነበቡም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። «ሰሚራ፣» ይሉኛል፣ «አስመሳይ የሚያሻሸው ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ ነው። የተጠቀመበት ሰው ግን የሚጨርሰው እጁ የሚያርፍበትን ነው። እጁን ፈልጊ።» ይህን ያወቁት ከጥሩ ቦታ አልነበረም። በወጣትነታቸው ትናንት የተጠረበ በርጩማ በሻይ እየነከሩ፣ ፍግ ውስጥ እየቀበሩ፣ ለቱሪስት «የአያቴ ነው» እያሉ ሸጠዋል። «አያቴ አንድ መቶ ሃያ በርጩማ ነበራቸው» ይሉና ይስቃሉ።

አንድ የጦር መወርወሪያ፣ ያች የአውስትራሊያ ሰዎች ጦሩን የሚያስፈነጥሩባትን ረጅም ቀጭን እንጨት፣ እጃቸው ላይ አገላብጠው «ይሄ ሰውዬ ግራኝ ነበር» ይላሉ። ሌላ ያነሡና «ይሄኛው ሰነፍ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላደነበትም» ይላሉ። እኔ ሁሉንም በግል የሚያውቋቸው ይመስለኝ ነበር። ለክፍል ጓደኛዬ አጎታችን እነዚያ አገሮች ብዙ ዓመት እንደኖሩና እዚያ ያለ ሰነፍ ሁሉ እንደሚፈራቸው አውርቼላታለሁ።

እንግሊዝኛቸው ዋጋ ለመናገር ይበቃል፤ ምክንያት ለመናገር አይበቃም። ስለዚህ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። በዚያ ክረምት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ንግግሬን እስክጨርስ ይጠብቁኝ ጀመር። እንዴት ደስ እንደሚል ለማንም አልነገርኩም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሰው ጠረጴዛችን ላይ ያለ ጭምብል ወደደና ሊገዛ ሲል ጋሽ ሙሳ «ንገሪው፤ ጥቁረቱ የጫማ ቀለም ነው» አሉኝ። ነገርኩት። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። አጠገቡ ቆማ ስታዳምጥ የነበረች ቀጭን፣ የወንድ ኮት የለበሰች እንግሊዛዊት አሮጊት ግን አልሄደችም።

«ለምን ነገረው?» አለችኝ።

ተረጎምኩላቸው። «አንድ እውነት የአሥር ውሸት ዋስ ትሆናለች በያት» አሉ።

«እውነት ይወዳል» አልኳት።

ስሟ ዶሪን ነበር። ቤቷ ከገበያው ሁለት ባስ ማቆሚያ ይርቃል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠራችንና ሄድን። ከበሩ ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ ግድግዳው በሙሉ ጋሻ፣ ዱላ፣ ጭምብል፣ የዛፍ ልጣጭ ላይ የተሣለ ሥዕል ነው። ጭምብሎቹን ሳይ ከእናቴ ጋር የወረቀት ጉዳይ ለመጨረስ የሄድንበት ቢሮ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበራቸው። የሞተው ባሏ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒና ሰሜን አውስትራሊያ አብረው ኖረዋል። ከየዕቃው ጀርባ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። የሠራው ሰው ስም፣ መንደሩ፣ በምን እንደተለወጠ ይላል። «ሁለት ቢላዋና አንድ ብርድ ልብስ» የሚል አነበብኩ።

አንድ የተቆለፈ መሳቢያ ነበራት። «ይኼ አይሸጥም፤ አይታይምም» አለች። «ሴት እንድታየው አልተፈቀደም፤ ባሌም መውሰድ አልነበረበትም። የተወሰደባቸው ሰዎች ልጆች አሉ። ጻፍኩላቸው፤ ወደ እነሱ ይመለሳል። የሕዝብ ነገር ወደ ሕዝቡ መመለስ አለበት።»

ስተረጉምላቸው ጋሽ ሙሳ ከመሳቢያው ላይ ፊታቸውን መለሱ። «ሴትዮዋ ሃይማኖት አላት» አሉኝ በዝግታ። እኔ ደግሞ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዝኩ። ልጅ የሚይዘውን አይመርጥም።

ዶሪን ልጅ የላትም፤ ቤቱን ልትለቅ ነው። የጨረታ ሰዎች ካሜራ ይዘው መጥተው ሁሉንም በአንድ ቀን ፎቶ አንሥተው ሄደዋል። አልወደደቻቸውም። «አንድም ዕቃ አላነሡም» አለች። ከዚያ የአምስት ዕቃ ወረቀት ፊታችን ላጠችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ አንድ ቀጭን ጋሻ፣ አንድ የጦር መወርወሪያ፣ ከሚያኝኩት ፍሬ ጋር ኖራ እየቆነጠሩ ወደ አፍ የሚያደርሱበት የተቀረጸ ማንኪያ፣ አንድ ትልቅ ጭምብል፣ አንድ የእንጨት ትራስ።

«ሦስት ሳምንት አብሯቸው ይኑር። አይሽጥ፣ አያጽዳ። ተመልሶ ያየውን ይንገረኝ። ካመንኩት የቤቱን ዕቃ በሙሉ እሰጠዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሆን ሰው ይፈልግለት።»

ጋሽ ሙሳ አምስቱን ዕቃ ተሸክመው ደረጃውን ወረዱ። ታጣፊ ጠረጴዛ ለዘረጋ ሰው ያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እኔ እንኳ ገብቶኛል። «አደራ ነው» አሉኝ በር ላይ። «አደራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩ። የማውቀው ከባድ ቃል መሆኑን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ትራሱን ብቻ አዩ። ማየት ስል መንካት ማለቴ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይሄዱበታል። አንዴ ምላሳቸውን ሲያስነኩት ያዝኳቸው፤ «ጨው» ብለው ብቻ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሲጨርሱ በአንሶላ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡትና ወደ ጋሻው ዞሩ።

እኔ ግን ትራሱን እንዳየሁት አውቄዋለሁ። እናቴ ስለ አያቷ ባወራች ቁጥር የምታነሳው፣ ጅማዎች ቦራቲ የሚሉት የእንጨት ትራስ ነው። እግር አለው፣ ወገቡ ጎበጥ ያለ ነው፣ አንገት የሚያርፍበት አለው። ሌላ ማን ይሠራዋል? ነገሩን በራሴ ፈታሁት። የዶሪን ባል በዓለም ሲዞር አንድ ቀን ጅማ አልፎ፣ ከኛ ሰው ወስዶ፣ ከደሴቶቹ ዕቃ ጋር ቀላቅሎታል። የሕዝብ ነገር ደግሞ ወደ ሕዝቡ መመለስ አለበት። ይህን ያለችው ራሷ የዕቃው ባለቤት ናት።

ከጅማ ሕዝብ ሁሉ ለኔ የሚቀርቡት እማማ ዘይነባ ነበሩ። ከቶተንሃም በባስ እየመጡ ዓርብ ዓርብ ጋሽ ሙሳ ጋ ምሳ ይበላሉ። አንገታቸውን ያማቸዋል። የዚህ አገር ትራስ ሰው ለማፈን የተሠራ ነው ብለው ያምናሉ። «ራስሽን ስታስቀምጪ ይውጥሻል፤ ጠዋት ተቆፍረሽ ነው የምትወጪው» ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጋሽ ሙሳ ከመስጊድ ገና አልተመለሱም። እኔ አልጋ ሥር ገብቼ አንሶላውን ጎትቼ አወጣሁ።

እማማ ዘይነባ ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄን ማን አመጣው?»

«ከአገር የተወሰደ ነው። የርስዎ ነው። ወደ ሕዝቡ ይመለስ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«የዕቃው ባለቤት።»

ውሸት አልነበረም። እማማ ዘይነባ ግንባሬን ሳሙኝ፣ በነጠላቸው ጠቀለሉት፣ ምሳውንም ሳይበሉ ሄዱ። ጋሽ ሙሳ ሲመጡ «እማማ አንገታቸውን ስላመማቸው ሄዱ» አልኳቸው። ሥራውን ስጨርስ አስደንቃቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ትልቅ ነጋዴ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ እማማ ለምሳ አልመጡም፤ ጋሽ ሙሳም አንገታቸው ገና አልተሻላቸውም ብለው ተዉት።

ልንመልሳቸው ሁለት ቀን ሲቀረን ጋሽ ሙሳ አልጋ ሥር እጃቸውን ሰደዱ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን አስገቡ። ከዚያ አልጋውን በሙሉ አነሡት።

«ሰሚራ። አምስተኛው የት አለ?»

በኩራት ነገርኳቸው። ስለ ጅማ፣ ስለ መሳቢያው፣ ስለ ሕዝቡ። ንግግሬ መሃል ላይ ፊታቸው እየተለወጠ እንደሆነ አየሁና ድምፄ በራሱ እየቀነሰ ሄደ። አልጮሁብኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«ይህ ከፓፑዋ ነው» አሉ። «እንጨቱ የኛ አይደለም፤ ጠረኑም የኛ አይደለም። እዚያም አንገት አላቸው፣ ልጄ። እዚያም ይተኛሉ።»

እስከ ዛሬ ከተማርኳቸው ትምህርቶች ሁሉ ይቺን የሚያህል የለም።

በማግስቱ ቶተንሃም ስንደርስ የእማማ ዘይነባ በር ገና ሳይከፈት ሽታው መጣ፤ የፀጉር ቅቤ። ትራሱ መስኮቱ ሥር በክብር ተቀምጧል። አሥራ አንድ ቀን ተተኝቶበታል። አንድ ጎኑ እንደ መስተዋት ያበራል። ጋሽ ሙሳ ሲያዩት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይሄን ዕቃ ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«የምን መውሰድ? ልጅቷ ናት የሰጠችኝ። የተሰጠ ይመለሳል እንዴ? አንተ ሙሳ፣ ምናለሽ ተራ ሆነህ አንድ ነገር መልሰህ ታውቃለህ?»

«ተሳስታ ነው። የኛ አገር አይደለም። ከውቅያኖስ ማዶ፣ ፓፑዋ ከሚባል አገር ነው።»

«ታዲያ ለምን በኔ አንገት ልክ ሠሩት?» አሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ሰው የተኛሁት በዚህ ነው። አየኸው አንገቴን?» ግራና ቀኝ አዞሩት። እውነትም ይዞራል።

ጋሽ ሙሳ በሕይወታቸው የተማሩትን የገበያ ንግግር ሁሉ አወጡ። ከአገር እውነተኛውን አስመጣለሁ፣ የተሻለ አሠራለሁ፣ ይሄ ምስጥ አለበት። እማማ ዘይነባ እጃቸውን አጣምረው እንደ ሬዲዮ አዳመጧቸው። በመጨረሻ ጋሽ ሙሳ ደከማቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሰው አደራ ነው» አሉ።

እማማ ዘይነባ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አደራ? እና እስከ አሁን ስለ ምስጥ ታወራኛለህ?» ትራሱን በሁለት እጃቸው አንሥተው አቀፉት፣ ከዚያ ለኔ ሰጡኝ። «አደራ ላይ አስተኛኸኝ፣ አንተ ከንቱ! ያ አላህ፣ የሰው አደራ ላይ ቅቤ ቀብቼ!» እስክንወጣ ድረስ አፉ በሉኝ ይሉ ነበር። ይቅርታ የሚጠየቁት እሳቸው ሆነው ሳሉ።

ማታውኑ ጋሽ ሙሳ ቅቤውን በደረቅ ጨርቅ ነካ አድርገው ተዉት። አያጽዳ ተብሏል። ቅቤው ቢቀር አንድ ጥፋት፣ ቢወገድ ሁለት ጥፋት ነው። በነጋታው ባስ ላይ ለዶሪን የሚባለውን አስጠኑኝ። «አየሩ ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ዘይት ነካ አደረግንበት። በቃ። እንዳትጨምሪ።» መልሼ አልኩላቸው። ጥሩ ውሸት ነበር፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ለዕቃው የሚያስብ።

ዶሪን አምስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ትራሱ ላይ እጇ ቆመ። ጣቷን አሸተተች። ወደ ጋሽ ሙሳ ቀና አለች።

ጋሽ ሙሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያስጠኑኝን በአማርኛ አሉት፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቃል። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ውሸቱ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። ቦራቲ፣ እናቴ፣ የተቆለፈው መሳቢያ፣ ዓርብ፣ የእማማ ዘይነባ አንገት፣ ቅቤው፣ አሥራ አንድ ቀን። አልጋ ሥር መግባቴን ሳይቀር ተናገርኩ። ስጨርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።

ዶሪን ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄን ሁሉ እሱ ነው ያለው?»

«አይደለም» አልኩ። «እሱ እንዳይሰነጠቅ ዘይት ነካ አደረግን ነው ያለው።»

 ጭምብሎቹ ወረፋቸውን ትተው ወደ እኛ የዞሩ መሰለኝ። ጋሽ ሙሳ ምን እንደተባለ ከፊቴ አነበቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ነገሩ እንዳለቀለት እኔም እሳቸውም አውቀናል።

«ሴትዮዋ ግን፣» አለች ዶሪን፣ «ተኝታለች?»

«በጣም። አንገቷ ይዞራል።»

ዶሪን ትራሱን ወደ ጋሽ ሙሳ ገፋችላቸው። «አሁን ያየውን ይንገረኝ። አንቺ ደግሞ እሱ ያለውን ብቻ ንገሪኝ።»

ጋሽ ሙሳ አውራ ጣታቸውን በትራሱ ላይ አሳለፉ። «ባለቤቱ በቀኝ ጎኑ የሚተኛ ሰው ነበር፤ እዚህ ጋ ጎድጉዷል። ላቡ ገብቶበታል። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሌሊት ደግሞ ነበረው፤ ይሄን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። ዘይነባ በግራ ነው የምትተኛው። ቅቤው በሙሉ በዚያ በኩል ነው። የሰውዬውን ቦታ አልነካችበትም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ዶሪን ጎንበስ ብላ በጥፍር የተፋቀውን ጠርዝ ነካችው። አይታው እንደማታውቅ ያስታውቅ ነበር።

ስለ ጋሻው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ጦር መወርወሪያው ጠየቀችና መለሱ። በመጨረሻ ትልቁ ጭምብል ደረሰ። ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። «ይሄን ባሌ ከሁሉ አስበልጦ ይወደው ነበር» አለች።

ተረጎምኩ። ጋሽ ሙሳ ጭምብሉን ገልብጠው ውስጡን አሳዩኝ፤ አፍንጫ የሚነካውን፣ ግንባር የሚነካውን፣ ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ። ዳሩ ሁሉ ስለታም ነው።  አንዲት ቆንጆ ውሸት ያን ጊዜ ቤቱን በሙሉ ታመጣላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የውሸት ድህነት ኖሯቸው አያውቅም።

«ንገሪያት» አሉ። «ፊት ገብቶበት አያውቅም። ለመሸጥ የተሠራ ነው። እኔ ራሴ እንደዚህ ዓይነት ሠርቻለሁ፤ ይሄን የሠራው ግን ይበልጠኛል።»

ነገርኳት። ዶሪን ጭምብሉን ተቀብላ ፊቷ አጠገብ ይዛው ቆየች። «ገና እንደገዛው ነግሬው ነበር» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ ተከራከርን።» ከዚያ ሳቀች፤ የሳቋ መጨረሻ ላይ ዓይኗን በኮቱ እጅጌ ጠረገች።

«ማክሰኞ ይምጣና ከላይኛው ፎቅ ይጀምር» አለችኝ። «አንቺም ነይ። ቅቤውን ግን ማንም እንዳይነካው።»

ጋሽ ሙሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ እስከ ባስ ማቆሚያው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። እኔ ከሥራዬ የተባረርኩ መስሎኝ ከኋላ ከኋላቸው እሄድ ነበር። ባሱ ሲመጣ ኮፍያቸውን አጠለቁ።

«ሰሚራ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እኔ ዘጠኝ ቃል ብዬ አንቺ ጠዋቱን ሙሉ ስታወሪ፣ ሴትዮዋ ምን የምትል መስሎሽ ነው?»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ይቅርታ በይ አላልኩሽም። ሌላ ጊዜ እውነት መናገር ሲያምርሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ። ፊቴን ላዘጋጅ።»